ትከሻዬ ተቆልፏል፤ ፊዚዮ የሞከራችሁ የወሎ ልጆች እስቲ ንገሩኝ

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ ቤቶች። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዕድሜዬ 49። ቀኑን ሙሉ የምውለው መኪናዬ ላይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የግራ ትከሻዬን ያመኝ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ተውኩት፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። እየቆየ ግን ማታ ማታ ባሰብኝ፣ በዚያ ጎን መተኛት ቀረ። አሁን ደግሞ እጄ ከነጭራሹ አልነሳ ብሏል። ጸጉር መሥራት የለም፣ ሻሽ ማሰር የለም፣ የጡት መያዣ ከኋላ መቆለፍማ ተረስቷል (ይቅርታ ወንዶች)። ሶላት ላይ አንዱ እጄ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ሌላው ሆዴ ላይ ይቀራል።

ሐኪም ቤት ሄጄ ኤክስሬይ ተነሳሁ፣ አጥንትሽ ደህና ነው ተባልኩ። ፍሮዝን ሾልደር (የተቆለፈ ትከሻ) ነው፣ ፊዚዮ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ጀምሪ ብሎ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ወጌሻ ጋ ሂጂ፣ አንዴ ጎትቶ ይለቅልሻል ይሉኛል። ባለቤቴ ዝም ብለሽ ሥሪበት፣ ራሱ ይፈታል ባይ ነው። ፊዚዮ ላይ ምንድን ነው የሚያደርጉት? ያማል ወይ? በስንት ጊዜ ይለቃል? ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም፣ ማለቴ ተመርምሬ አላውቅም።

ኮምቦልቻ ዳር፦

እትዬ አብሽሪ። የሚገድል ነገር አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ያስጨርሳል። እኔን ቀኙን ነበር የያዘኝ። ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ሸሚዝ መልበስ ራሱ ሌላ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። ስትለብሺ የታመመውን እጅ ቀድመሽ አስገቢ፣ ስታወልቂ ደህናውን ቀድመሽ አውጪ። ቀላል ነገር ናት፣ ግን ጠዋት ጠዋት ከመጮህ ታድናለች።

ማታ በጀርባዬ ተኝቼ ከክርኔ ሥር የታጠፈ ጋቢ አደርግ ነበር፣ ክንዴ ወደ ፍራሹ እንዳይወድቅ። በደህናው ጎን ስተኛ ደግሞ ትራስ አቅፋለሁ። ይሄ ከኪኒኑ እኩል ጠቅሞኛል።

ፊዚዮውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (ስሙን ተዉት) ሕመሙ ገና በጋመበት ሰዓት አስተኝተው እጄን በኃይል ወደ ላይ ይገፉት ነበር። ቻል አድርግ፣ ወንድ አይደለህ? ይሉኛል። ቻልኩ፣ ሌሊቱን ግን ቁጭ ብዬ ማንጋት ሆነ። በኋላ ሌላ ባለሙያ አየኝና አሁን የመግፊያ ጊዜ አይደለም ብሎ ለተወሰኑ ሳምንታት የቀለሉ እንቅስቃሴዎች ብቻ ሰጠኝ። እንቅልፌ የተመለሰው ያኔ ነው። አሁን ከሞላ ጎደል ደህና ነኝ። ከኋላ ኪሴ ቦርሳዬን አወጣለሁ፣ ጀርባዬን ማከክ ግን አሁንም አይሆንልኝም፣ ሚስቴ ታክልኛለች።

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

ሰላም እህቴ። ጎንደር ተምሬ እዚሁ ወልድያ ነው የምሠራው። ሳላይሽ ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ ግን የጻፍሽው ነገር ቁጭ ብሎ ይገጥማል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የትከሻ መጋጠሚያ ዙሪያውን በስስ ከረጢት የተሸፈነ ነው። ፍሮዝን ሾልደር ላይ ይሄ ከረጢት ይቆጣል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ ይጠብቃል፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ይኮማተራል። አጥንቱ ምንም አልሆነም፣ ኤክስሬይሽ ንጹሕ የሆነውም ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ነው፣ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ስኳር ያለበትና የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። ክንዱ ተሰብሮ ወይ ቀዶ ሕክምና አድርጎ እጁን አንጠልጥሎ የቆየም ይይዘዋል። ብርድ አያመጣውም፣ ብርዱ ሕመሙን ያስታውስሽ ይሆናል እንጂ።

አንድ ምልክት ልንገርሽ። ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቀሽ፣ 90 ዲግሪ አጥፈሽ፣ መዳፍሽን እንደ በር ወደ ውጭ ክፈቺው። ደህናው እጅ በደንብ ይከፈታል፣ የታመመው መንገድ ላይ ይቆማል። አሁን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ይክፈትልሽ። እሱም ካልቻለ ከረጢቱ ነው የያዘው። የጅማት መበጠስ ቢሆን አንቺ ባትችይም ሌላ ሰው ሲያነሳልሽ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሐኪሞች ይሄን ነው የሚያዩት፣ ኤምአርአይ አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም፣ ገንዘብሽን ያዢ።

በሽታው ሦስት ወቅት አለው። መጀመሪያ ሕመሙ የሚበዛበትና ትከሻው እየጠበቀ የሚሄድበት፣ ከ2 እስከ 9 ወር ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎ ሕመሙ ቀንሶ ድርቀቱ የሚቀርበት፣ ከ4 እስከ 12 ወር። ከዚያ ቀስ እያለ የሚፈታበት፣ ከ5 ወር እስከ 2 ዓመት። በጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይሄዳል፣ በአንድ ወር እለቅልሻለሁ የሚልሽን ሰው አትመኚው። ከዚህ ሁሉ የምፈልገው ግን አንድ ነገር እንድትይዢ ነው፦ የፊዚዮው ዓይነት የሚመረጠው ያለሽበት ወቅት ታይቶ ነው። ማታ ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰሽ ከሆነ ገና መጀመሪያው ላይ ነሽ፣ ስለዚህ መግፋት የለም፣ መጎተት የለም፣ ሕመሙን ማብረድና ያለሽን እንቅስቃሴ ማቆየት ብቻ ነው ሥራው። የኮምቦልቻው ወንድማችን ላይ የደረሰው ይሄ ባለመታየቱ ነው።

ይሄን ከኪሴ አውጥቼ አይደለም የምለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የሆላንድ ጥናት 77 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን ሕመሙን አልፎ በጠንካራ ፊዚዮ ተጎተተ፣ ሌላው ሕመም እስኪጀምር ድረስ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ቆየ። በሁለት ዓመት በቀስታ ከተንቀሳቀሱት 89 ከመቶው ወደ ጤናማው የተጠጋ ትከሻ አገኙ፣ ከተጎተቱት ደግሞ 63 ከመቶው።

የኩታበር ልጅ፦

አቦ ፊዚዮ ፊዚዮ አትበሉ፣ ወጌሻን አትናቁ። አባቴ ከበቅሎ ወድቆ ትከሻው የወለቀ ጊዜ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው በአንዴ የመለሱት። ሐኪም ቤት ሳይሄድ በማግስቱ እርሻ ወረደ። እናንተ 3 ዓመት ትላላችሁ። 3 ዓመት ማን ይጠብቃል?

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

ወንድሜ ማንንም አልናቅኩም። የአባትህ ትከሻ ወልቆ ነበር፣ የወለቀን መመለስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱም ቢሆን ነርቭና አጥንት ታይቶ ቢሆን ይሻላል። የእህታችን ትከሻ ቦታው ላይ ነው ያለው። የጠበበ ከረጢት በአንዴ ሲጎተት ይቀደዳል፣ ደም ይቋጥራል፣ እንደገና ይቆጣል። አጥንታቸው የሳሳ እናቶች ላይ ደግሞ የክንድ አጥንት ሊሰበር ይችላል። በኃይል ማላቀቅ ሆስፒታልም ውስጥ አለ፣ ግን ሰውየው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ በአጥንት ሐኪም እጅ፣ ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

የኩታበር ልጅ፦

እሺ ማደንዘዣው ላይ ተስማማን። ቅቤ ቀብቶ ማሸትስ?

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

ማሸት ጡንቻውን ያዝናናል፣ ደስም ይላል፣ እሺ። ከረጢቱን ግን አይፈታውም። ቀስ ተብሎ ይታሽ፣ መጨረሻ ላይ "ቋ" አድርጌ ልጨርስልህ ካለህ ግን ሽሽ።

ሐይቅ ዳር ነርስ፦

እህቴ አንድ ነገር ልብ በይ፣ "ተመርምሬ አላውቅም" ያልሽው ነገር። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበይ ሄደሽ ስኳርሽን ተለኪ። ፍሮዝን ሾልደር ይዟቸው መጥተው ስኳር እንዳለባቸው ያኔ ያወቁ ሰዎች ገጥመውኛል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ትከሻው ይበልጥ ይደርቃል፣ ለመፈታትም ይዘገያል፣ አንዳንዴ ሁለቱንም ጎን ይይዛል። በጾም 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ይደገማል፣ ሁለቴ ከወጣ ስኳር ነው። ማስታገሻውንም ከምግብ ጋር ውሰጂ። ዲክሎፊናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራና ኩላሊት ላይ አይቀልዱም፣ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ደግሞ እዚህ አገር ለምደነዋል።

ወሎዬው ቀልደኛ፦

ወሎዬ ሆነሽ ትከሻሽ ተቆለፈ? ሰርግ ላይ ምን ልትሆኚ ነው እንግዲህ 😂 አላህ ያሽርሽ እህቴ፣ ልቀልድ ብዬ ነው።

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

ሳቅህ አይቅርብንና፣ የሚገርምህ እስክስታው ላይቀርባት ይችላል። እስክስታ አብዛኛው የሚወጣው ጀርባ ላይ ካለው ሰፊው የትከሻ አጥንት እንቅስቃሴ ነው፣ የተቆለፈው ደግሞ የክንዱ ራስ የገባበት መጋጠሚያ ነው። እንዲያውም እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ሲያነሱ ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው እየሰቀሉ ነው የሚያካክሱት፣ አንገታቸውን የሚያማቸውም በዚህ ነው። እጅ ወደ ላይ የሚነሳበት ጭፈራ ግን ለጊዜው ይቅርብሽ።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ (ደሴ)፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ወላሂ ዛሬ ነው የገባኝ። ማታ ይቀሰቅሰኛል፣ አዎ፣ ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ነኝ ማለት ነው። በሩንም ሞከርኩት፣ ባለቤቴ ሲከፍተውም አልሄድ አለ። ዛሬ ጠዋት ስኳር ተለካሁ፣ 141 ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ድገሚ ብለውኛል። ደነገጥኩ ግን መቼስ ምን ይደረጋል፣ ከመጣ አይቀር አሁን መታወቁ ይሻላል።

እስከዚያ ቤት ውስጥ ምን ልሥራ? ስፌቱንስ ልተው? ልተው ብልም አልችልም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብያለሁ።

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

ስፌቱን አትተዪ። ክንድን አንጠልጥሎ ማስቀመጥ ድርቀቱን ያፋጥነዋል። ክርንሽ ከጎንሽ ብዙ እንዳይርቅ ወንበርሽን ወደ መኪናው አስጠጊ፣ በየመሐሉ ተነሺ። ከላይ መደርደሪያ የምታወርጂውን ጨርቅ ግን ታች አድርጊው።

ከመጀመርሽ በፊት ለ10 ወይ 15 ደቂቃ ትከሻውን አሙቂ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ይበቃል። ሙቀቱን በደህናው እጅሽ ፈትሺው፣ በተለይ ስኳሩ ከተረጋገጠ፣ ስሜት የቀነሰበት ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላል።

የመጀመሪያዋ ፔንዱለም ናት። በደህናው እጅሽ ጠረጴዛ ተደግፈሽ ጎንበስ በይ፣ የታመመው ክንድ ዝም ብሎ ይንጠልጠል። ክንዱን አታንቀሳቅሺው፣ ወገብሽን ወዘወዝ ስታደርጊ እሱ ራሱ ይወዛወዛል። ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ፣ 10 ጊዜ በአንዱ አቅጣጫ፣ 10 ጊዜ በሌላው። ይቺ የኮድማን እንቅስቃሴ ትባላለች፣ ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1934 ለበሽታው ፍሮዝን ሾልደር የሚለውን ስም ያወጣው አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እሱ ራሱ ለመግለጽም ለማከምም የሚያስቸግር ነገር ነው ብሎ ጽፏል፣ እና አንቺ ብትሰለቺ አይፈረድብሽም።

ሁለተኛዋ ላንቺ የተሠራች ናት። የመቁረጫ ጠረጴዛሽ ጋ ተቀመጪ፣ መዳፍሽን ጨርቅ ላይ አድርገሽ ጨርቁን ወደ ፊት አንሸራትቺው፣ ከወገብሽ እያጎነበስሽ። መሳብ ሲጀምር ቁሚ፣ ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ። በቀን ብዙ ጊዜ ትችያለሽ፣ ሥራ መሐል ማንም አያውቅብሽም።

ሦስተኛዋ በጀርባሽ ተኝተሽ በደህናው እጅሽ የታመመውን እጅ አንጓ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ ማንሳት ነው። የታመመው አይሠራም፣ ይነሳል ብቻ።

ሕመሙ ሲበርድ፣ ማለትም ማታ መተኛት ስትጀምሪ፣ ሌሎቹን ትጨምሪያለሽ። የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዘሽ፣ በክርንሽና በጎንሽ መሐል የተጠቀለለ ፎጣ አድርገሽ፣ በደህናው እጅ እየገፋሽ የታመመውን ወደ ውጭ መክፈት፤ በጣም የጠበበው አቅጣጫ ያ ስለሆነ እሷን አትዝለያት። ግድግዳ ላይ በጣቶችሽ እየዳሰስሽ ወደ ላይ መውጣት። ክርንሽን በደህናው እጅ ይዘሽ በደረትሽ ፊት ወደ ሌላው ትከሻ መሳብ። ነጠላ በትከሻሽ ላይ ወደ ጀርባ ጥለሽ፣ የታችኛውን ጫፍ በታመመው እጅ፣ የላይኛውን በደህናው ይዘሽ በደህናው ወደ ላይ ቀስ እያልሽ መሳብ፤ ይቺ ወደ መጨረሻው ትሁን። እያንዳንዱን ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያዢው፣ አታወዛውዢው።

ልኩን እንዴት ታውቂያለሽ? መሳብ ሊሰማሽ ይገባል፣ ትንሽ ሕመምም ይኖራል፣ ግን ስታቆሚ አብሮ መቆም አለበት። ሌሊቱን ከወትሮው ከባሰብሽ አብዝተሻል፣ በማግስቱ ቀንሺ። ጭራሽ አትተዪ። ሳምንት ተኝቶ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ መከፋፈል ይሻላል።

ፊዚዮ ክፍል ስትሄጂ ደግሞ ባለሙያው በእጁ መጋጠሚያውን ቀስ እያደረገ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ያንን ቤት ውስጥ ማንም አይሥራብሽ። አልትራሳውንዱና ኤሌክትሪኩ ሲደመርበት ሰው ደስ ይለዋል፣ ገመድ ያለው ነገር ስንወድ፣ ግን ዋናው ሥራ እጅና እንቅስቃሴው ነው። ማሽን ላይ አስተኝቶ ብቻ የሚልክሽ ቤት ካለ ሌላ ፈልጊ።

የደላንታ እናት ልጅ፦

ይቅርታ በሰው ክር ገባሁ። እናቴ ወገልጤና ነው ያሉት፣ 58 ዓመታቸው፣ በትክክል ይሄው ነው ምልክታቸው። በሳምንት ሦስቴ ደሴ ለፊዚዮ ማመላለስ አልችልም፣ መንገዱም እሳቸውም አይችሉትም። ትንሽ ትንሽ ይሻላቸዋል ብዬ ልተወው?

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

አይተዉ። አንዴ ይምጡና ይታዩ፣ ኤክስሬይና ስኳር በዚያው ይሠራ፣ ፊዚዮው እንቅስቃሴዎቹን ሲያሳያቸው አንተ በስልክህ ቪዲዮ ቅረጽ። ከዚያ በየወሩ ወይ በየሁለት ወሩ መታየት ለብዙ ሰው ይበቃል፣ የቤቱ ሥራ ካልተቋረጠ። እንጀራ መጋገሩን፣ ቡናውን አትከልክላቸው፣ ውሃ መቅዳትና እንጨት መሸከም ግን ልጆቹ ይረከቡ።

ዝም ብሎ ፍሮዝን ሾልደር ነው ብለህ የማትቀመጥባቸው ነገሮችም አሉ። ትከሻው ካበጠ፣ ከቀላና ትኩሳት ካለ። ክብደት ከቀነሱና ማታ ማታ ካላባቸው፣ ቲቢ መጋጠሚያም ይይዛል። ከወደቁ ወይ የሚጥል በሽታ ካለባቸውና ከዚያ ወዲህ ከተቆለፈ፣ ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻ ይሄንኑ ይመስላል፣ አንድ ኤክስሬይ ብቻ ሊያመልጠውም ይችላል፣ በጎን በኩልም ይነሳ። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ የትከሻ ጉዳይ አይደለም፣ ወዲያው ሆስፒታል።

ጦሳ ሥር፦

መርፌውስ? ለኔ ትከሻዬ ላይ ኮርቲዞን (ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት) ወጉኝና በሳምንት ውስጥ ሰው ሆንኩ። ለምን አትነግሯትም?

ሐይቅ ዳር ነርስ፦

መርፌው ጥሩ ነው፣ በተለይ ሕመሙ በበዛበት በመጀመሪያው ወቅት። ግን ስኳር ላለበት ሰው ለተወሰኑ ቀናት ስኳሩን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ስለዚህ የእህታችን ሁለተኛው ምርመራ ከመርፌው በፊት ይሁን፣ አለዚያ ውጤቱ ይምታታል። ለሚወጋትም ሐኪም 141 መውጣቱን ትንገረው።

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

በነርሷ እስማማለሁ። መርፌው ለሳምንታት ሕመሙን ያበርዳል፣ ያን ጊዜ ተጠቅመሽ እንቅስቃሴውን ካልሠራሽ ግን ጥቅሙ በዚያው ይቀራል። ጦሳ ሥር፣ አንተም ሰው ሆንኩ ብለህ እንዳትተኛበት። ቀዶ ሕክምናስ ለምትሉ፣ እንግሊዝ አገር 503 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ፊዚዮ ከመርፌ ጋር፣ አንዱ በማደንዘዣ ማላቀቅ፣ አንዱ በካሜራ ገብቶ ከረጢቱን መቁረጥ። በዓመቱ ሲታዩ አንዱ ከሌላው ይህን ያህል አልበለጠም። እና ርካሹን ቀድሞ መሞከር ነው የሚያዋጣው።

ኮምቦልቻ ዳር፦

ፊዚዮ፣ አንድ ልጠይቅህ። አሁን በመጨረሻ ላይ ገመድ በበር ላይ አንጠልጥለህ ባንዱ እጅ ሌላውን ሳብ ብለውኝ ነበር። በሩ ላይ ገመዱ ይንሸራተታል፣ አንዴ ወድቆ አፍንጫዬን መታኝ።

ፊዚዮ ነኝ ከወልድያ፦

ገመዱን ቋጥረህ በሩ ላይ ብታስረው አይወድቅም፣ ግን እንደ ልብ ስለማይንሸራተት ባንዱ እጅ ሌላውን መሳብ አይሆንልህም። ስለዚህ ትንሽ መዘውር ከብረታ ብረት ሱቅ ገዝተህ ጣሪያው ወራጅ ላይ ብታስር ይቀልሃል። ከመዘውሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ቆመህ አትሥራው።

ኮምቦልቻ ዳር፦

መዘውሩ ይሻላል። ለአፍንጫዬም።